ጉልበት ሲያብጥ፦ ቀጠሮ የሚጠብቀውና የማይጠብቀው

አምና በዐቢይ ጾም አጋማሽ ላይ ቀኝ ጉልበቴ አበጠ። ሩማቶይድ አርትራይተስ (የሰውነት መከላከያ ዞሮ የራሱን መገጣጠሚያ የሚያጠቃበት ሕመም) እንዳለብኝ ካወቅሁ ስምንት ዓመት አልፎኛል። ስለዚህ "ያው የለመድኩት ነው፣ ተነሥቶብኝ ነው" አልኩና ተውኩት። ቀጠሮዬ ገና አምስት ሳምንት ይቀረው ነበር። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሐኪሜ ጋ ለመድረስ ደረጃውን መውረድ አለ። ከዚያ እስከ አስፋልቱ በባጃጅ፣ እስከ ቃሊቲ በታክሲ፣ ከቃሊቲ ደግሞ ሌላ ታክሲ። በዚያ ጉልበት ይህን ሁሉ ሳስበው መተኛቱ ቀለለኝ። ዘጠኝ ቀን ተኛሁ።

በአሥረኛው ቀን ስሄድ ሐኪሟ ጉልበቴን በእጇ ይዛ "መቼ ጀመረሽ?" አለችኝ። ነገርኳት። "ታዲያ ለምን አልደወልሽም?" አለች። መልስ አጣሁ። በቀጠሮ መሀል መደወል እንደሚቻል እንኳ አስቤው አላውቅም። ከጉልበቴ በመርፌ የተቀዳው ፈሳሽ ጀርም አልተገኘበትም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ተገኝቶበት ቢሆን ኖሮ ግን ያ ዘጠኝ ቀን ጉልበቴን ለዘለቄታው ሊያበላሸው ይችል ነበር። አጥንቶቹ እንዳይፋተጉ የሚያደርገውን ለስላሳ ሽፋን ጀርም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይበላዋል።

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ የመገጣጠሚያ ሕመም ላለባችሁ፣ ሐኪም ለያዛችሁ፣ ግን ከከተማው ዳር ለምትኖሩ ነው። ኮዬ ፈጬ፣ የካ አባዶ፣ ጀሞ፣ ለገጣፎ፣ ሰበታ፣ የትም ሁኑ። መንገዱ ሲረዝም ሰው ይጠብቃል። መጠበቅ የሚቻልበትና የማይቻልበት ጊዜ አለ። እሱን እንለይ።

1. ሁለቱንም ጉልበት ጎን ለጎን እዩ

ጠዋት ከአልጋ ከመውረዳችሁ በፊት መጋረጃውን ግለጡና ሁለቱንም እግር ዘርጉ። ያላበጠ ጉልበት ከሎሚው ግራና ቀኝ ጎድጎድ ያለ ቦታ አለው። ፈሳሽ ሲቋጥር መጀመሪያ የሚጠፋው ያ ጉድጓድ ነው። እየባሰ ሲሄድ ደግሞ ከሎሚው በላይ ያለው የጭን ጫፍ እንደ ትንሽ ትራስ ይነፋል።

ቀጥሎ የእጃችሁን ጀርባ መጀመሪያ ጭናችሁ ላይ፣ ከዚያ ጉልበታችሁ ላይ፣ ከዚያ ቅልጥማችሁ ላይ አሳርፉ። ጤነኛ ጉልበት ከጭንና ከቅልጥም ቀዝቀዝ ይላል። እኩል ከሆነ ወይም ከበለጠ፣ ያ ጉልበት ግሏል ማለት ነው። ይህን ያስተማረችኝ አንዲት ሲስተር ናት። ብዙ ሰው ግንባርን እንጂ ጉልበትን በእጁ ለክቶ አያውቅም።

ትንሽ እብጠት ሲሆን በዓይን መለየት ያስቸግራል። ያኔ በአውራ ጣታችሁ የጉልበቱን ውስጠኛ ጎን ከታች ወደ ላይ ጠረግ አድርጉት። ወዲያው የውጭውን ጎን ከላይ ወደ ታች ጠረግ አድርጉ። ውስጠኛው ጉድጓድ ላይ አንድ ነገር ብቅ ካለ ፈሳሽ አለ። በጣም ባበጠ ጉልበት ላይ ግን ይህ አይታይም። ፈሳሹ የሚሄድበት ባዶ ቦታ የለውማ።

ከጉልበት ጀርባ ያለውን እጥፋትም ዳብሱ። አንዳንዴ ፈሳሹ ወደ ኋላ ወጥቶ እንደ እንቁላል ይቋጥራል።

2. ለኩት፣ ጻፉት

የልብስ ሰፊ ሜትር ግዙ፤ ውድ አይደለም። እግራችሁን ዘርግታችሁ በሎሚው መሀል ዙሪያውን ለኩ። ሁለቱንም ጉልበት፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት። ከአንድ ሳንቲሜትር በታች ያለ ልዩነት አያስጨንቃችሁ፤ ሜትሩ በትንሹ ሲንሸራተት ያን ያህል ይለዋወጣል። ቁጥሩ በየቀኑ ከጨመረ ግን እሱ ራሱ ለሐኪም የሚነገር ነገር ነው።

ከዚያ በአንድ ደብተር ላይ እነዚህን አስፍሩ። እብጠቱ የጀመረበት ቀንና ሰዓት። በአንድ ጊዜ ነው ወይስ ቀስ በቀስ የመጣው? ሌላ የታመመ መገጣጠሚያ አለ? ጠዋት ስትነሡ ጉልበቱ ግትር ብሎ ስንት ደቂቃ ይቆያል? ይህ የመጨረሻው ትልቅ ነገር ይናገራል። በዕድሜና በድካም የሚመጣው የጉልበት ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይፍታታል። ሩማቶይድ ሲነሣ ግን አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ አስሮ ይይዛል።

ከመታመማችሁ በፊት ባሉት ሁለት ቀናት የሠራችሁትንም ጻፉ። ውኃ ጠፍቶ ጀሪካን ተሸክማችሁ ፎቅ ወጥታችኋል? ስግደት በዝቶባችሁ ነበር? ቀኑን ሙሉ በርጩማ ላይ ተቀምጣችሁ እንጀራ ጋግራችኋል? ወድቃችኋል? ያቋረጣችሁት መድኃኒት አለ?

ቀኑን በእኛም በፈረንጅም አቆጣጠር ጻፉት። የሆስፒታል ወረቀት አንዱ በዚህ፣ ሌላው በዚያ ነው የሚጻፈው፤ ስንት ሰው በዚህ ምክንያት ተምታቶበታል። ሁለቱንም ጉልበት በአንድ ላይ በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። ቀጠሮ እስክታገኙ እብጠቱ ሊጎድል ይችላል፤ ፎቶው ግን ይመሰክርላችኋል።

3. አሁን ወስኑ

ዋናው ይህ ነው። በሦስት እከፍለዋለሁ።

*ዛሬውኑ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል።* አንድ ጉልበት ብቻውን አብጦ ከጋለ፣ ለማጠፍ ወይም ለመርገጥ ካስቸገረ፣ በተለይ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ማለት ካለበት፣ አትጠብቁ። መገጣጠሚያው ውስጥ ጀርም ገብቶ ሊሆን ይችላል። ሌሎቹ መገጣጠሚያዎቻችሁ ሰላም ሆነው አንዱ ብቻ ሲብስ መጠርጠር ያለበት ይህ ነው።

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ። ሩማቶይድ ያለበት ሰው ጉልበቱ በጀርም የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው ይበልጣል። ፕሬድኒሶሎን፣ ሜቶትሬክሴት ወይም ሌላ የሰውነት መከላከያን የሚቀንስ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ጀርም እያለበት እንኳ ላያተኩሰው ይችላል። ስለዚህ "ትኩሳት የለኝም፣ እንግዲህ ደህና ነኝ" ማለት ለእኛ አይሠራም። ስኳር ላለበትም እንደዚሁ ነው። በቅርብ ቀን ጉልበቱን መርፌ የተወጋ፣ ሰው ሠራሽ ጉልበት የተገጠመለት፣ ወይም እግሩ ላይ የቆሰለ ሰው ደግሞ ይበልጥ ይፍጠን።

ሌሎችም እዚህ ይገባሉ። ወድቃችሁ ወይም ጉልበታችሁ ዞሮባችሁ በሁለት ሰዓት ውስጥ ካበጠ፣ ውስጡ የደማ ሊሆን ይችላል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነማ ሳትወድቁም ሊደማ ይችላል። ባታችሁ በድንገት ካበጠና ካመማችሁ፣ ከጉልበት ጀርባ ያለው ቋጠሮ ፈንድቶ ይሆናል፤ የደም ሥር በረጋ ደም ተዘግቶም ይሆናል። ሁለቱን በመዳበስ መለየት አይቻልም። በዚያ ላይ ትንፋሽ ካጠራችሁ ወይም ደረታችሁን ከወጋችሁ አምቡላንስ ጥሩ።

*በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ለሐኪማችሁ ንገሩ።* ትኩሳት የለም፣ መርገጥ ትችላላችሁ፣ ግን እብጠቱ አዲስ ነው ወይም ከለመዳችሁት ይለያል። ከጉልበቱ ጋር የእጅ ጣቶችና አንጓዎች አብረው ተነሥተዋል። ጠዋት የሚቆየው ግትርነት ከ20 ደቂቃ ወደ ሁለት ሰዓት አድጓል። ወይም ቀለል ያለ ነው ብላችሁ ሁለት ሦስት ቀን አሳርፋችሁት አልጎደለም። ይህ መድኃኒታችሁ በቂ እንዳልሆነ የሚናገር ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ መጠኑን የሚያስተካክለው ሲያውቅ ነው፤ ሳይነገረው የሦስት ወሩን ቀጠሮ ጠብቆ ቢያያችሁ የሚያየው የጎደለ ጉልበት ነው።

*ለቀጠሮ ይቆይ።* ብዙ ቆማችሁ ወይም ብዙ ሄዳችሁ ማታ ትንሽ አበጠ፣ አልጋለም፣ አድሮ ጎደለ። ጻፉትና በቀጠሯችሁ ቀን አሳዩ።

አንድ ነገር ልጨምር። ቀስ እያለ በሳምንታት የሚያብጥ፣ ብዙ የማያም አንድ ጉልበት ቸል የሚባል ነው። ሌሊት ካላባችሁ፣ ክብደት ከቀነሳችሁ ወይም ቤት ውስጥ ሲታከም የነበረ የቲቢ በሽተኛ ካለ ለሐኪሙ ንገሩ፤ ቲቢ ጉልበት ውስጥም ይገባል። ጥሬ ወተት የምትጠጡ ከሆነም እንደዚሁ። በእኛ ሠፈር ዳር ላም የሚያረቡ ጎረቤቶች አሉ፣ ወተቱም ጥሩ ነው። ግን አፍሉት። ካልፈላ ወተት የሚመጣው ብሩሴሎሲስ መገጣጠሚያ ያሳብጣል።

4. እስክትታዩ ድረስ ምን ታደርጋላችሁ?

አሳርፉት። እግሩን ባቱ ስር ትራስ አድርጋችሁ ከፍ አድርጉት። ትራሱን ጉልበቱ ስር አድርጎ አጥፎ መዋል ያስደስታል፤ ግን ቀናት ከቆየ ጉልበቱ ቀጥ ማለት ይረሳል። ፍሪጅ ካላችሁ በሃይላንድ ውኃ አቀዝቅዙና በፎጣ ጠቅልላችሁ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያዙበት። መብራት ከሌለ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረና የተጨመቀ ፎጣም ይበቃል። ዱላ ወይም ከዘራ ከያዛችሁ በደህናው እግር በኩል ይሁን።

አሁን ወደ ማይደረገው። የጋለ ጉልበት አይታሽም። እማማ ጎረቤቴ በቅቤ ልሽልሽ ብለው መጥተው ነበር፤ ከልባቸው ነው። "ብርድ ገብቶበት ነው ልጄ" አሉኝ። "እማማ፣ ዶክተሯ ካየችው በኋላ ይሁንልኝ" ብዬ እጃቸውን ስሜ አስቀረሁ። ወጌሻም፣ ዋግምትም፣ መተኮስም አይሁን። ቆዳ ከቆሰለ ለጀርም በር መክፈት ነው።

ፋርማሲ ሄዳችሁ "ለጉልበት የሚሆን" ብላችሁ አንቲባዮቲክ አትግዙ። ሐኪሙ ፈሳሹን ቀድቶ ወደ ላብራቶሪ የሚልከው የትኛው ጀርም እንደሆነ ለማወቅ ነው። ቀድማችሁ ሁለት ቀን አሞክሳሲሊን ከዋጣችሁ ጀርሙ ላይበቅል፣ ላይታወቅ ይችላል። መዳን ያለበት ሳይድን ምርመራውን ማበላሸት ነው።

ስለ ማስታገሻዎቹ ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን። ሁለቱን በአንድ ላይ መውሰድ ሕመሙን ይበልጥ አያስቀንስም፤ ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል። ኩላሊት፣ የጨጓራ ቁስለት፣ የልብ ሕመም ወይም ደም ግፊት ያለበት፣ ደም የሚያቀጥን የሚወስድ፣ ነፍሰ ጡርም የሆነች ሴት ሳይጠይቁ አይውሰዱ። በጾም ወቅት ጠዋት ዲክሎፌናክ ውጦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ መቆየት ራስን መጉዳት ነው። የንስሐ አባታችሁን አማክሩ። የእኔ አባት "መድኃኒትሽን እንደታዘዘልሽ ውሰጂ" ነው ያሉኝ፤ ተጨንቄበት የነበረው ነገር በአንድ ቃል አለቀ። ለማስታገሻ ብቻ ከሆነ ፓራሲታሞል የተሻለ መነሻ ነው። እሱንም በቀን ከተፈቀደው አታሳልፉ። ትኩሳትን እንደሚያወርድ አትርሱ፤ ስለዚህ ቴርሞሜትር ካላችሁ ከመዋጣችሁ በፊት ለኩ።

የዘወትር መድኃኒታችሁስ? ፕሬድኒሶሎን በድንገት አይቋረጥም፤ ሰውነት ስለለመደው አደጋ አለው። ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው የሚወሰደው። ሲያማቸው በየቀኑ የዋጡ ሰዎች አሉ፤ ይህ ሊገድል ይችላል። የሳምንቱ ቀን ደርሶ ትኩሳት ካለባችሁ ወይም አንቲባዮቲክ ከታዘዘላችሁ፣ ከመዋጣችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ።

5. እንዴት ትናገራላችሁ?

ደህና በሆናችሁበት ቀን፣ በቀጠሯችሁ ቀን፣ ይህን ጠይቁ፦ "ዶክተር፣ በመሀል ቢያብጥብኝ ለማን ልደውል?" የክሊኒኩን ስልክ፣ የመገጣጠሚያ ክሊኒኩ የሚሠራበትን ቀን፣ የምታገኟትን ሲስተር ስም ጻፉ። የመገጣጠሚያ ስፔሻሊስት በአገራችን ጥቂት ነው፤ ሰልፉም ረጅም ነው። ለዚያ ነው ቁልጭ ያለ ነገር የያዘ ሰው ቶሎ የሚሰማው።

ስትደውሉ "ጉልበቴን አሞኛል" ብቻ አትበሉ። ሁሉም ሰው እንዲያ ነው የሚለው። እኔ አሁን የምለው ይህን ነው፦

"ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። የካርድ ቁጥሬ ይህ ነው። ሩማቶይድ አርትራይተስ አለብኝ፤ ሜቶትሬክሴት 15 ሚሊ ግራም በሳምንት፣ ፕሬድኒሶሎን 5 ሚሊ ግራም በቀን እወስዳለሁ። ከትናንት ወዲያ ማታ ጀምሮ ቀኝ ጉልበቴ ብቻውን አብጧል። ይግላል። ከግራው በሦስት ሳንቲሜትር ይበልጣል። ትኩሳቴ 37.4 ነው። በከዘራ እረግጣለሁ፣ ግን ሙሉ በሙሉ አላጥፈውም። አልወደቅሁም። አሁኑኑ ወደ እናንተ ልምጣ ወይስ ድንገተኛ ክፍል ልሂድ?"

ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። መጨረሻ ላይ ያለው ጥያቄ አይቅር። ስልኩ ካልተነሣና ምልክታችሁ ከመጀመሪያው ምድብ ከሆነ፣ ሁለተኛ ደውዬ ልይ አትበሉ። ቅርብ ወዳለ ድንገተኛ ክፍል ሂዱና "መገጣጠሚያው ውስጥ ኢንፌክሽን እንዳይሆን ፈርቻለሁ፣ እንዲህ ያለ መድኃኒት እወስዳለሁ" በሉ። የማያጣድፍ ከሆነና የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የምትጠቀሙ ከሆነ ግን ከጤና ጣቢያችሁ ሪፈር መያዝ አትርሱ።

6. መንገዱን አስቀድማችሁ አዘጋጁ

የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ግን የኮንዶሚኒየም ብሎክ በሌሊት መፈለግ ከባድ ነው። የብሎካችሁን ቁጥር፣ በየትኛው በር እንደሚገባ፣ በአቅራቢያው ያለ የሚታወቅ ምልክት በወረቀት ጽፋችሁ በር ላይ ለጥፉ። የሚደውለው ልጅ ወይም ጎረቤት ሊሆን ይችላል። ደረጃ ስትወርዱ የታመመውን እግር አስቀድሙ፣ ስትወጡ ደህናውን። በአንድ ፌስታል ውስጥ ካርዳችሁን፣ የመጨረሻ የደም ምርመራችሁን፣ የመድኃኒቶቹን ባዶ ካርቶን፣ ያን ደብተርና የሚፈታ ሰፊ ሱሪ ወይም ቀሚስ አኑሩ። ጠባብ ጂንስ ለብሶ ጉልበት ማሳየት አይቻልም።

7. መርፌውን አትፍሩ

ሐኪሙ ፈሳሹን ልቅዳ ሲል ብዙዎቻችን እንደነግጣለን። "ከተቀዳ ይለመዳል" የሚል ወሬም አለ። አይለመድም፤ ተመልሶ የሚሞላው በሽታው ስላልበረደ ነው። ቆዳው በደንብ ይጸዳል፣ ማደንዘዣ ሊወጉ ይችላሉ፣ ከዚያ መርፌው ከሎሚው ጎን ይገባል። የእኔ የወጣው ሁለት ባለ 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ሞላ፤ ጤነኛ ጉልበት ውስጥ ያለው ግን ከጥቂት ጠብታ ብዙም አይበልጥም። መልኩ ደፍረስ ያለ ብርዝ ይመስል ነበር። ሐኪሟ ሲሪንጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥታ ከኋላው ጽሑፍ ያዘችና "ፊደሉ ይታይሻል?" አለችኝ። አልታየኝም። ጤነኛ ፈሳሽ ጠርቶ ያስነብባል፤ የደፈረሰው ብግነት (የመገጣጠሚያው መቆጣት) ወይም ጀርም አለበት። ደም ከሆነ ጉዳት ይጠረጠራል። በማይክሮስኮፕ እንደ መርፌ የሾሉ ክሪስታሎች ከታዩ ሪህ (ጋውት) ነው። ሪህም ሌሊቱን ጉልበት ያሳብጣል፣ ያተኩሳልም፤ ከጀርም የሚለየው ያ ጠብታ ነው።

ፈሳሹ ሲወጣ ጉልበቱ ወዲያው ቀለል ይላል። ጀርም እንደሌለ ከታወቀ ሐኪሙ ብግነቱን የሚያበርድ ስቴሮይድ የተባለ መድኃኒት ሊወጋበት ይችላል። ስኳር ያለባችሁ ከዚያ በኋላ ለጥቂት ቀናት ስኳራችሁን ደጋግማችሁ ለኩ፤ ይጨምራል። አንድ ሁለት ቀን ጀሪካን አትሸከሙ፣ ስግደትም ይቆይ። ከተወጋ በኋላ ሕመሙ ተመልሶ ከጨመረ፣ ከጋለ ወይም ካተኮሳችሁ ያው ወደ መጀመሪያው ምድብ ነው፣ ዛሬውኑ።

እብጠቱ ሲጎድል የጭን ጡንቻ ሳስቶ ታገኙታላችሁ። እግር ዘርግታችሁ፣ ጉልበቱ ስር የተጠቀለለ ፎጣ አድርጋችሁ ወደ ታች ጫን በሉት፤ እስከ አምስት ቆጥራችሁ ልቀቁ። አሥር ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ። እኔ ቡና እስኪፈላ ነው የምሠራው። ፈሳሹ ከተቀዳላችሁ በኋላ ከሐኪሙ ክፍል ከመውጣታችሁ በፊትም የላብራቶሪው ውጤት መቼ እንደሚደርስና ማን እንደሚደውል ጠይቁ። የጀርም ምርመራው ጥቂት ቀን ይወስዳል፤ ካልተደወለላችሁ እናንተ ደውሉ።